ላንድክሩዘር 80 ላይ ቱርቦ ከመግጠምዎ በፊት፦ ከፍሪሲዮን እስከ ጎማ ያለው ምን ያህል ይችላል?

ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድክሩዘር 80 የሚነዳ ሰው አዲስ አበባ ላይ ቱርቦ ቢያምረው አይፈረድበትም። 4.2 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር ጽናት አይጎድለውም፤ የሚጎድለው አየር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሰውና ጓዝ ጭኖ የጣርማ በርን ዳገት የወጣ ሾፌር ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ፔዳሉን ወለል ድረስ ረግጦም መኪናው ማርሽ እንዲቀንስለት ይለምነዋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለውን መኪና አጠናክሮ መያዝ የብዙ ባለቤቶች ሐሳብ ሆኗል።

ጋራዥ ሲገባ የሚቀድመው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ስንት የፈረስ ጉልበት ይጨምርልኛል?» የሚለው ነው። መቅደም የነበረበት ግን ሌላ ነው፦ ከሞተሩ ጀርባ ያለው ሁሉ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ትራንስፈሩ፣ ክሮቼራዎቹ፣ ዲፈረንሻሎቹና የጎማ ዘንጎቹ፣ የሚጨመረውን ይሸከማሉ ወይ? አራቱንም ጎማ በሚያንቀሳቅስ ከባድ መኪና ላይ ዕቃ የሚሰብረው የሞተሩ ቁጥር ብቻ አይደለም። የመኪናው ክብደት፣ የጎማው ቁመትና ንክሻ፣ የማርሹ ብዜትና ድንገተኛ ምት ከሞተሩ ይልቅ ይሰብራሉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

መጀመሪያ፦ የትኛው 80 እንደሆነ ይለዩ

ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ ያዋለው 80 በሁለት ዓይነት ይገኛል። የፊት ጎማውን መሐል ይመልከቱ። በእጅ የሚዞር ፍሪዊል ካለው፣ የፊት ጎማዎቹ ኃይል የሚያገኙት ሾፌሩ ሲፈልግ ብቻ ነው። ጠፍጣፋ ክዳን ብቻ ካለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ኃይል የሚያገኝበት፣ በትራንስፈሩ ውስጥ የመሐል ዲፈረንሻል ያለው ዓይነት ነው። ይህ መመሪያ ለሁለተኛው ነው። ኃይሉ ለአራት ስለሚከፋፈል ጎማ በቀላሉ አይንሸራተትም። ያ ለመንገዱ መልካም ነው፤ ለብረቱ ግን ኃይሉ ማምለጫ አጣ ማለት ነው።

ቀጥሎ፦ ስሌቱን በወረቀት ይሥሩ

ይህን ክፍል አይዝለሉት፤ ከማባዛት ያለፈ ሒሳብ የለውም። 1ኤችዜድ በባሕር ጠለል ላይ የሚሰጠው የማዞር ኃይል ወደ 280 ኒውተን ሜትር ነው። አንደኛ ማርሽ በ4 እጥፍ ገደማ ያበዛዋል፤ 1,120 ይሆናል። ሪዶታ (የትራንስፈሩ ዝቅተኛ ማርሽ) ሲገባ በ2.49 ይባዛና 2,790 ገደማ ይደርሳል። ዲፈረንሻሉ እንደገና በ4.1 ሲያበዛው ለአራቱ ጎማዎች የሚደርሰው ወደ 11,400 ኒውተን ሜትር ነው።

አሁን ደግሞ ጎማው ከዚህ ምን ያህሉን መሬት ላይ ሊያውለው እንደሚችል ይመልከቱ። ተጭኖ 2,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና መሬቱን በ24,500 ኒውተን ይጫናል። ደረቅና ሻካራ መሬት ላይ የጎማውን ንክሻ 0.8 ብለን ብንይዝ 19,600 ኒውተን ይሆናል። ከጎማው መሐል እስከ መሬት ያለው ርቀት 0.39 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሲባዛ ወደ 7,600 ኒውተን ሜትር ይመጣል። ከዚያ በላይ የመጣው ጎማውን ያንሸራትተዋል እንጂ ዘንጎቹን አይጫንም።

ልብ ይበሉ፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለው፣ ቱርቦ ያልነካው ሞተር እንኳ በሪዶታ አንደኛ ማርሽ ከጎማው ንክሻ በላይ ኃይል አለው። በዚህ ማርሽ ቱርቦ ቢጨመርበትም ዘንጎቹ ላይ የሚያርፈው ቋሚ ጫና አይጨምርም፤ ጎማው ቀድሞ ይለቃል። ጎማው የመኪናው ፊውዝ ነው።

ስለዚህ የሚያስፈራው ፊውዙን ማሳደግ ነው። 35 ኢንች ጎማ ይግጠሙ፤ ርቀቱ 0.44 ሜትር ይሆናል። ጣሪያ ላይ ድንኳን፣ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ፣ የብረት መከላከያና ዊንች ይጨምሩ፤ ክብደቱ 3,000 ኪሎ ይገባል። ያንኑ ስሌት ሲደግሙት 7,600 የነበረው ከ10,300 በላይ ይሆናል። ሞተሩ ሳይነካ የዘንጎቹ ጫና ከአንድ ሦስተኛ በላይ አደገ ማለት ነው። ቱርቦ ሳያስገጥሙ ትልልቅ ጎማ ብቻ ቀይረው የፊት ዘንግ የሰበሩ ሰዎች የሚገርማቸው ለዚህ ነው።

በከፍተኛ ማርሾች ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ያለ ሪዶታ በሦስተኛ ማርሽ 280 በ1.49፣ ከዚያ በ4.1 ሲባዛ 1,700 ገደማ ብቻ ነው። ሞተሩ ወደ 380 ቢያድግ 2,300 ይሆናል። ጎማው ከሚለቅበት ልክ ገና ሩቅ ስለሆነ ጭማሪው ሙሉ በሙሉ በጥርሶቹና በኩሽኔታዎቹ ላይ ያርፋል፤ ያውም ለአፍታ ሳይሆን ከዓባይ በረሃ እስከ ደጀን በሚዘልቅ ዳገት ሙሉ። ስብራት የሚመጣው ከሪዶታና ከድንጋይ ነው፤ ድካምና ሙቀት የሚመጣው ከአስፋልት ዳገት ነው። ቱርቦ የሚያከብደው ሁለተኛውን ነው።

ልክዎን ከፋብሪካው ይውሰዱ

«ይህ ዲፈረንሻል እስከ ስንት ይችላል?» ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የሚታመነው መልስ ፋብሪካው ራሱ የሰጠው ነው። ቶዮታ በዚሁ 80 ላይ 1ኤችዲ-ቲ የተባለውን ባለ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር ገጥሟል፤ የማዞር ኃይሉ 360 ገደማ ነው። በኋላ የመጣው ባለ 24 ቫልቭ 1ኤችዲ-ኤፍቲ 380 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። 4.5 ሊትሩ የቤንዚን ሞተርም 370 አካባቢ ነው። የኋላው 9.5 ኢንች፣ የፊቱ 8 ኢንች ዲፈረንሻል እነዚህን ሁሉ ተሸክሟል። እንግዲህ እስከ 380 ድረስ ያለው የተሞከረ ክልል ነው። ከዚያ ማለፍ የሚፈልግ ሰው ለፊት ዘንጎችና ለፍሪሲዮን የተለየ በጀት ይያዝ።

ባለ 1ኤችዜድ ከሆኑ ሞተሩ ራሱ ከዚያ በፊት ያስቆምዎታል። ናፍጣው የሚነደው በቴስታታው ውስጥ ባለ ቅድመ ክፍል ነው፤ የመጭመቂያ ልኩም ከ22 በላይ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ቴስታታው ይሰነጠቃል። ስለዚህ የግፊት ጌጅና የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳይገጠም ቱርቦ አይግጠሙ። መለኪያው ከቱርቦው በፊት ይተከል፤ በረጅም ዳገት ከ650 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ እግርዎን ያንሱ። ግፊቱን 0.5 ባር አካባቢ መያዝ የጨዋ ልክ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው 0.25 ባር ከፍታው የወሰደውን መመለስ ብቻ መሆኑንም አይርሱ። በዚያ ግፊት ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ የሚሸከሙት፣ ያው መኪና ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለ ቱርቦ ከሚሸከሙት አይበልጥም። እውነተኛው ጭማሪ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

የት እንደሚያስተካክሉትም ይለያል። በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር ቆላ ላይ ነዳጁ ተከፍቶለት ወደ ደጋ ከወጣ አየር ያጥረዋል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ይግላል። የፖምፓውን ነዳጅ አብዛኛውን ጊዜ በሚነዱበት ከፍተኛ ቦታ ላይ ያስተካክሉ። የቤንዚን ሞተር ላይ ግን ጌጁ ያንኑ ግፊት እያሳየ ወደ ቆላ በወረዱ ቁጥር ሞተሩ የሚያገኘው አየር ይጨምራል፤ የማዞር ኃይሉም አብሮ ያድጋል። እሱን ቆላ ላይ ይገድቡት።

ከመግጠም በፊት የሚደረግ ምርመራ

ሰላሳ ዓመት የሠራ መኪና ላይ ስለ ፋብሪካ ልክ ማውራት የሚቻለው ዕቃው ጤነኛ ከሆነ ነው። ለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ይስጡ፤ ከቱርቦው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ምንም አይደለም።

ከዘይት ይጀምሩ። የካምቢዮውን፣ የትራንስፈሩንና የሁለቱን ዲፈረንሻሎች ዘይት ለየብቻው ንጹሕ ዕቃ ላይ ያፍስሱ፤ መኪናውን ነድተው ዘይቱን አሙቀው ቢሆን ይመረጣል። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ ያለውን በጣትዎ ይሹት። እንደ ለስላሳ ግራጫ ቅባት ከሆነ የዕድሜ መፋቅ ነው፤ አያስጨንቅም። ጣትዎን የሚቧጥጥ ስባሪ ወይም ጠርዝ ያለው ቅርፊት ከተገኘ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየፈረሰ ነው። ከካምቢዮው ውስጥ ቢጫ ብናኝ ሲያዩ ማርሽ የሚያገናኙት የናስ ቀለበቶች እያለቁ መሆናቸውን ይረዱ። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቷል፤ ወንዝ የሚያቋርጥ መኪና ላይ የተዘጋ የዲፈረንሻል መተንፈሻ የተለመደው ምክንያት ነው። በእጅ ካምቢዮ ባላቸው 80ዎች ላይ በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል ያለው ጎሚኒ ሲያረጅ ዘይት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ትራንስፈሩ ሞልቶ ሲፈስ ያየ መካኒክ ደስ ሊለው ይችላል፤ ካምቢዮው ግን እየደረቀ ነው። ሁለቱን ሁልጊዜ አብረው ይለኩ።

ቀጥሎ ልቅነትን ይፈልጉ። ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አግደው፣ ካምቢዮውን ነጻ አድርገው ከመኪናው ሥር ይግቡና የፊትና የኋላውን ረጅም ዘንግ በእጅዎ ወዲያና ወዲህ ያዙሩ። ትንሽ መንቀሳቀስ ያለ ነው። «ቋ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ግን ከየት እንደመጣ ሳያውቁ አይውጡ። ክሮቼራው ከሆነ በዓይን ይታያል። ፒኞኑና ኮሮናው ከሆኑ ዲፈረንሻሉ ወርዶ ይለካ፤ በጥርሶቹ መካከል የሚፈቀደው ክፍተት ከ0.2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በ80 ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ሦስተኛ ምንጭ አለ፦ የፊት ጎማው መሐል ላይ ያለው፣ ዘንጉን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ጠፍጣፋ ብረት። ሁልጊዜ ኃይል ስለሚያልፍበት የውስጥ ጥርሶቹ ይበላሉ፤ ማርሽ ሲገባ የሚሰማው ኳኳታ ካምቢዮው እየተጠረጠረ ከዚህ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ቀይሮ መገላገል ነው።

የኋላውንም ጎማ መሐል ይክፈቱ። ዘንጉን የያዙት ዳዶዎች ከላሉ ኃይሉ በቡሎኖቹ ላይ ያርፋል፤ እየበላቸው ሄዶ አንድ ቀን ይቆርጣቸዋል። ከሥር የሚገቡት ሾጣጣ ቀለበቶች ንጹሕ ሆነው፣ በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቁ። ቀላል ሥራ ነው፤ እኔ ከማንኛውም ማጠናከሪያ ዕቃ የማስቀድመው ይህን ነው።

ከዚያ የመሐል ዲፈረንሻሉ። ብዙዎቹ 80ዎች ትራንስፈሩ ላይ የፊትና የኋላውን ልዩነት የሚያረግብ፣ በወፍራም ፈሳሽ የሚሠራ መያዣ አላቸው። እንዲህ ይፈትሹት፦ የኋላ ጎማዎቹን አግደው፣ ካምቢዮውን ነጻ አድርገው፣ የመሐል መቆለፊያው ተከፍቶ እያለ አንድ የፊት ጎማ በክሪክ ያንሱ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ከሥሩ ጠንካራ ድጋፍ ያኑሩ። ጎማውን በሁለት እጅ ሲያዞሩት እየከበደ ቀስ ብሎ መዞር አለበት። ያለ ምንም መከላከል ከዞረ መያዣው ሞቷል፤ ጭራሽ ካልዞረ ደርቋል። የደረቀ መያዣ መሪ ሙሉ ሲጠመዘዝ መኪናውን ያስጨንቀዋል፤ በዚያ ላይ ጉልበት መጨመር ትራንስፈሩን ማቃጠል ነው።

የአራቱ ጎማዎች ቁመት እኩል መሆኑንም ይለኩ። ሁለት አዲስ ጎማ ከፊት፣ ሁለት ያለቀ ከኋላ አድርጎ መንዳት በሁለት ጎማ ለሚነዳ መኪና ምንም ላይሆን ይችላል። ሁልጊዜ በአራቱ በሚነዳው ላይ ግን የመሐል ዲፈረንሻሉ በቀጥተኛ አስፋልት ላይ እንኳ ዕረፍት አያገኝም።

ፍሪሲዮን

ጭማሪውን መጀመሪያ የሚናገረው ፍሪሲዮን ነው። አራተኛ ማርሽ ላይ በዝግታ እየሄዱ ዳገት ሲጀምሩ የነዳጁን ፔዳል ሙሉ ይርገጡ። የሞተሩ ዙር ቀድሞ ከወጣና ፍጥነቱ ካልተከተለው ይንሸራተታል። ያኔ ጠንከር ያለ የግፊት ሳህን ያለው፣ ግን የተለመደ ልባስ ያለው ፍሪሲዮን ይግጠሙ። የውድድር የሴራሚክ ፍሪሲዮን ለዚህ መኪና አልመክርም። አይንሸራተትም፤ አለመንሸራተቱ ነው ችግሩ፤ የተለመደው ፍሪሲዮን የሚያረግበው ምት ሁሉ ወደ ካምቢዮው ጥርስ ይሄዳል። ፍሪሲዮን መቀየር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ካምቢዮ መፍታት ግን አይደለም። ሳህኑ ሲወርድ ቮላኖውም ይላጥ።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ሰው የሚፈራው ሙቀትን ነው። ለብቻው የዘይት ማቀዝቀዣና የሙቀት ጌጅ ይጨምር።

ደካማው የፊቱ ነው

የኋላው 9.5 ኢንች ዲፈረንሻል በዚህ ሁሉ ጨዋታ የሚፈራ አይደለም። ጥንቃቄው ለፊቱ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ።

አንደኛው ቢርፊልድ የሚባለው፣ ጎማው ሲታጠፍ ኃይል የሚያስተላልፈው መጋጠሚያ ነው። ቀጥ ባለ ጊዜ ጠንካራ ነው። መሪው ሙሉ ሲጠመዘዝ ግን ውስጡ ያሉት ኳሶች ጫናውን እኩል አይካፈሉትም፤ ያኔ ነዳጅ ከተረገጠ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። የፊት ዲፈረንሻል ሎክ ከተጨመረ አደጋው ይብሳል፤ ለሁለት ይከፈል የነበረው ኃይል ንክሻ ላለው አንድ ጎማ ብቻ ሊደርስ ይችላልና። ቅባቱን ያድሱ፣ ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ይቀይሩ።

ሁለተኛው ኮሮናው ነው። የፊት ዲፈረንሻሉ ፒኞን ከፍ ብሎ የተቀመጠና ጥርሱ ወደፊት ለሚሄድ መኪና የተቆረጠ ነው። ወደፊት ሲነዱ ጫናው በጠንካራው የጥርስ ፊት ያርፋል። ወደኋላ ሲሆን በደካማው ፊት ያርፍና ኮሮናውን ከፒኞኑ ይገፋዋል። የእነዚህ ዲፈረንሻሎች ጥርስ ብዙ ጊዜ የሚረግፈው ሎክ ተደርጎ፣ በሪዶታ፣ በሪትሮ ከድንጋይ ላይ ለመውጣት ሲታገል ነው። በሪትሮ ዳገት ላይ እምቢ ካለ ያቁሙ፤ ዊንች ይጠቀሙ ወይም ድንጋዩን ያንሱ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የፊት ዲፈረንሻል የሚገዙ ከሆነም እያንዳንዱን ጥርስ በባትሪ ብርሃን፣ በሁለቱም ፊት እያዞሩ ይዩ። ሻጩ የሚያሳይዎት የሚያብረቀርቀውን ፊት ነው፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ግን ከሌላው ፊት ሥር ነው።

ፍሬንና ሊብሬ

ባጭሩ ልለፈው እንጂ ቀላል ሆኖ አይደለም፦ ዳገቱን በፍጥነት የወጣ መኪና ቁልቁለቱንም ይወርዳል። የፍሬን ሸራ፣ ዲስክና ፈሳሽ ሳይታደስ ቱርቦ መግጠም የሰው ሕይወት ላይ መወራረድ ነው። በቱርቦ ፈንታ ሙሉ ሞተር መቀየር ከመረጡ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ የሰፈረ ስለሆነ ሥራው ሳይጀመር ሕጋዊ ሒደቱን ይጨርሱ። ያገለገለ 1ኤችዲ-ቲ ካገኙም የቢዬላውን ብሮንዚን ሳይቀይሩ አያስነሡት፤ የታወቀ ድክመቱ ነው።

አነዳድ

ብረት የሚሰብረው ምት ነው። የሚሽከረከር ጎማ ድንገት ድንጋይ ሲነክስ፣ የጎማው ክብደትና ፍጥነት ሁሉ በአንድ ቅጽበት ዘንጉ ላይ ያርፋል፤ ስሌቱ ላይ ያየነው 7,600 ያኔ አይሠራም። ስለዚህ ጎማ መሽከርከር ሲጀምር ነዳጅ አይጨምሩ፤ እግርዎን አንሥተው እንደገና በዝግታ ይሞክሩ። የመሐል ሎኩን ጭቃው ውስጥ ገብተው ሳይሆን ከመግባትዎ በፊት ያስገቡ፤ ጎማ እየተሽከረከረ ሎክ አያድርጉ። አስፋልት ላይ ሲመለሱ ወዲያው ይክፈቱት። መሪ ሙሉ ተጠምዝዞ እያለ መኪናው ካልሄደ ጥቂት ቀና አድርገው ይሞክሩ።

ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ

ቱርቦው ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር ግፊቱን ዝቅ አድርገው፣ 0.3 ባር ላይ ይንዱ። ከዚያ የዲፈረንሻሎቹን፣ የካምቢዮውንና የትራንስፈሩን ዘይት እንደገና ያፍስሱ፤ ማግኔቶቹን ይጥረጉና በመጀመሪያው ምርመራ ካዩት ጋር ያነጻጽሩ። ፎቶ አንሥተው ከነበር የበለጠ ይረዳዎታል። የኋላ ጎማ መሐል ዳዶዎችን እንደገና በመለኪያ ቁልፍ ያጥብቁ፣ ክሮቼራዎቹን ግሪስ ይስጡ፣ ረጅሙን ዘንግ በእጅ አዙረው ልቅነቱ መጨመር አለመጨመሩን ይዩ። ማግኔቱ ላይ ያለው ያው ለስላሳ ግራጫ ቅባት ከሆነ ግፊቱን ወደ 0.5 ያውጡት። አንድ ቅርፊት እንኳ ከተገኘ ግፊቱ ባለበት ይቆይና ቅርፊቱ የወጣበት ክፍል ይፈታ።